ነቅሎ መሄድ

ቢቸና ላይ፣ ከደጀን ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ሱቅ አለች። ደጃፏ ላይ የተቀመጠው ስፒከር የጎጃም ዘፈን ይለቃል። ውስጧ አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር፣ አንድ ካርድ ሪደር፣ በመስታወት ሳጥን የተደረደሩ ቻርጀሮችና የስልክ ባትሪዎች፣ ካርቶን ላይ የተለጠፉ ሚሞሪ ካርዶች አሉ። ግድግዳው ላይ «ዘፈን፣ መዝሙር፣ ፊልም፣ ትረካ እንጭናለን» ይላል። እንዲህ ያለች ሱቅ በሞጣም፣ በደብረ ወርቅም፣ በየጁቤም አትጠፋም።

ቀኑ የገበያ ቀን ነው። በስልሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ አንድ ገበሬ ጋቢያቸውን እንዳጣፉ፣ ዱላቸውን ከበሩ አስደግፈው ገቡ። ከደረት ኪሳቸው ባለ ቁልፍ ስልክ አወጡ፤ ጀርባውን በጥፍራቸው ከፈቱ፤ ባትሪውን አነሱና ከሥሩ የጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ካርድ መዝዘው ለልጁ ሰጡት።

«ምን ልጫንልዎ አባባ?»

«በፊት ያለውን እንዳትነካብኝ። የመምህሩ ስብከት እንዳለ ይሁን። በተረፈው ቦታ ሽለላና ቀረርቶ አድርግልኝ። ከዚያ ያን ትረካ፣ ወጋየሁ የሚያነበውን።»

«ፍቅር እስከ መቃብርን? ሙሉውን?»

«ሙሉውን እንጂ ልጄ! ክረምቱን በምን ልገፋው ነው?»

ልጁ ካርዱን ሰካው። የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ታሪኩ ከሚካሄድባቸው ቦታዎች አንዱ የሆነው ዲማ ጊዮርጊስ ከዚህች ሱቅ ብዙም አይርቅም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ሰዓቱ ያመለጠው ሰው ያለፈውን ክፍል ከጎረቤት ጠይቆ ከመስማት ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ዛሬ ትረካው ባትሪ ሥር ተቀምጦ፣ ኔትወርክ ሳይጠይቅ፣ ባለቤቱ ባሰኛቸው ሰዓት ማሳ ዳር ይደመጣል። ካርዱ ሲሞላ ገበሬው ተቀብለው መልሰው ከተቱት፤ ከፈሉ፤ ወደ በግ ተራው ሄዱ።

ሰክቶ፣ ሞልቶ፣ ነቅሎ መሄድ እንግዲህ ይህ ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ሽቅብ ወጥቶ ሩቅ አገር ባለ ማሽን እንዲቀመጥ በሚመክሩበት በዚህ ዘመን፣ በእጅ የሚያዝ ማከማቻ ያለፈበት ነገር ይመስላል። በምሥራቅ ጎጃም ግን አላለፈበትም። ለምን እንዳላለፈበት ለመረዳት ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በፊት ወደነበሩት የቤት ኮምፒውተሮችና ወደ ካርትሪጆቻቸው መመለስ ይበጃል። ነገራችንን በምን ይዘን እንሂድ የሚለው ጥያቄ ያኔም የዛሬው ዓይነት ነበር፤ መልሱ ግን ከዛሬው ይልቅ ጥርት ያለ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1976 ፌርቻይልድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቻናል ኤፍ የሚባል የቴሌቪዥን መጫወቻ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በፊት የነበሩት መጫወቻዎች ጨዋታቸው ከማሽኑ ጋር አብሮ የተሠራ ስለነበር፣ የሰለቸው ሰው ማሽኑን ከመጣል ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ቻናል ኤፍ ግን ጨዋታውን ለብቻው በተዘጋጀ ቺፕ ላይ አድርጎ፣ ቺፑን በፕላስቲክ ቤት ከቶ፣ ልጅም ቢሆን በእጁ ሰክቶ የሚነቅለው አድርጎ መጣ። ሥራውን የመራው ጄሪ ላውሰን ኒው ዮርክ ውስጥ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። የመነሻ ሐሳቡ አልፔክስ ከሚባል አነስተኛ ኩባንያ የመጣ ቢሆንም፣ በሺህ ጊዜ መሰካትና መነቀል የማይሰብረው፣ ሲነካ ማሽኑን የማያቃጥል ዕቃ አድርጎ ያወጣው የላውሰን ቡድን ነው። ላውሰን እ.ኤ.አ. በ2011 ዐረፈ። ስሙ በሰፊው የተነሳው ዘግይቶ ነው፤ የእኛም አገር የኮምፒውተር ተማሪዎች ሊያውቁት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ የመጡት የቤት ኮምፒውተሮች ይህንኑ ወሰዱ። በ1979 የወጡት አታሪ 400 እና 800 ከላያቸው ክዳን ነበራቸው፤ ክዳኑ ሲከፈት ኤሌክትሪኩ ራሱ ይቋረጣል። ስለዚህ ማሽኑ እየሠራ ካርትሪጅ ነቅሎ ማበላሸት አይቻልም ነበር። ዛሬ ፍላሽ ከመንቀላችን በፊት መዳፊቱን ይዘን ፈቃድ እንጠይቃለን፤ ብዙዎቻችንም ቸኩለን ሳንጠይቅ ነቅለን ፋይል እናበላሻለን።

በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 ደግሞ ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚያደርገው ነገር ነበር። የተሰካ ነገር መኖሩን ለማወቅ በአንድ የተወሰነ አድራሻ ላይ «CBM80» የሚሉ አምስት ምልክቶችን ይፈልጋል። ካገኛቸው ሌላ ነገር ሳይጠይቅ ሥራውን ለካርትሪጁ ያስረክባል። መጫን የሚባል ነገር የለም፤ ፕሮሰሰሩ የካርትሪጁን ቺፕ እንደ ራሱ ማስታወሻ አድርጎ በቀጥታ ያነበዋል። ተጠቃሚው ማብሪያውን ሲጫን ፕሮግራሙ ተከፍቶ ይጠብቀዋል።

ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበር ለማየት አማራጩን ማየት ነው። በዚያን ጊዜ ርካሹ ማከማቻ እኛም በሙዚቃ የምናውቀው የቴፕ ካሴት ነበር። ኮሞዶር 64 ከካሴት የሚያነበው በሰከንድ 50 ባይት ገደማ ነው። ስለዚህ 16 ኪሎ ባይት የሆነ ፕሮግራም ለመክፈት አምስት ደቂቃ ተኩል ያህል መጠበቅ ግድ ነበር፤ አራተኛው ደቂቃ ላይ መብራት ቢጠፋ ወይም ክሩ ቢጨማደድ እንደገና ከመጀመሪያው። ያው 16 ኪሎ ባይት በካርትሪጅ ሲመጣ መጠበቅ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ካርትሪጁ ግን ውድ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ቅጂ ፋብሪካ ገብቶ ቺፕ ማሠራት ይጠይቃል። ካሴትን ማንም ቤቱ ይገለብጠዋል።

የእንግሊዙ ክላይቭ ሲንክሌር ሁለቱን ሊያስታርቅ ሞከረ። በ1983 ማይክሮድራይቭ የሚባል ዕቃ አወጣ። ከክብሪት ቀፎ ያነሰ ካርትሪጅ ሲሆን ውስጡ ከሁለት ሚሊ ሜትር የቀጠነ፣ ጫፍና ጫፉ የተጋጠመ አምስት ሜትር ገደማ ክር ይሽከረከርበታል። 85 ኪሎ ባይት ያህል ይይዛል፤ ሙሉውን ዙር በስምንት ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። ዋጋውም ከዲስክ ድራይቭ በጣም ያነሰ ነበር። ችግሩ ክሩ መለጠጡ ነው። ባለቤቶቹ አዲሱን ካርትሪጅ ደጋግመው ፎርማት ሲያደርጉት የሚይዘው መጠን ትንሽ ሲጨምር ያዩ ነበር፤ ክሩ ተለጥጦ ስለረዘመ ነው። በመጀመሪያ ትርፍ የመሰለው መለጠጥ ውሎ አድሮ የተጻፈውን የማይነበብ ያደርገዋል። የሲንክሌር ዕቃ ብልሃት አልጎደለውም፤ ነገር ግን ሰው ሥራውን አምኖ የሚያስቀምጥበት አልሆነም።

ከእነዚህ ሁሉ ዕቃዎች የምወስደው ሐሳብ አንድ ነው። የሚነቀል ማከማቻ ለኑሮ መመቸቱ የሚለካው በሚይዘው መጠን አይደለም። የያዘውን መልሶ ለማውጣት ከውጭ ስንት ነገር ይለምናል? መለኪያው ይኸው ነው። የድሮው ካርትሪጅ የሚለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ መብራትና የሚገጥመውን መሰኪያ።

ካርትሪጅን በዓይኑ ያየ የእኛ አገር ልጅ ያየው በኮሞዶር ወይም በአታሪ አይደለም። ያየው በጌም ቤት ነው። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1983 ጃፓን ላይ ያወጣው ፋሚኮም የሚባል መጫወቻ በእስያ ፋብሪካዎች በርካሽ ተቀድቶ ዓለምን አዳረሰ፤ ቅጂው መርካቶ ገብቶ በየክፍለ አገሩ ተበተነ። ልጆች ቢጫውንና ግራጫውን ካርትሪጅ «ካሴት» እያሉ፣ ሳንቲም እየከፈሉ ሱፐር ማሪዮና ኮንትራ ተጫወቱ። ስዕሉ ሲዘበራረቅ ካሴቱን ነቅሎ እፍ ማለት፣ እንደገና መሰካት የተለመደ መድኃኒት ነበር። እውነቱን ለመናገር የሚያድነው እፍታው አልነበረም። የካርትሪጁ ጠርዝ ላይ የተደረደሩት የመዳብ ጣቶች አቧራና ዝገት ሲይዛቸው ከመሰኪያው ጋር አይነካኩም፤ መንቀልና መሰካቱ ይፍቃቸዋል። እፍታው የሚጨምረው እርጥበት ብቻ ሲሆን፣ እርጥበቱ ደግሞ ዝገቱን ያፋጥናል። ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል በጥጥ ነክሮ ጠርዙን መጥረግና እስኪደርቅ መጠበቅ ይሻል ነበር። የቢቸናና የሞጣ መንገድ አቧራ ባለበት ሱቅ ለዛሬው ካርድ ሪደርም የሚሠራው ይኸው ነው።

በእነዚያ ካሴቶች ላይ «9999 በ1» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍ ነበር። የገዛው ሰው ከፍቶ ሲያይ ጥቂት ጨዋታዎች ስማቸውና ቀለማቸው እየተቀያየረ ይደጋገማሉ። ይህ ማታለል አልሞተም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ። ዛሬ በየገበያው ላያቸው ላይ 64 ጊጋ ባይት ተጽፎባቸው ውስጣቸው ከስምንት የማይበልጥ ካርዶች ይሸጣሉ። ካርዱ ውስጥ ያለችው ትንሿ መቆጣጠሪያ ቺፕ መጠኑን ዋሽታ ትናገራለች፤ ኮምፒውተሩም አምኖ ይጽፋል። እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ አዲሱ ፋይል የቀድሞውን ይደመስሳል፣ ወይም የትም ሳይጻፍ የተጻፈ መስሎ ይታያል። ሰውየው የሚያውቀው ቤቱ ገብቶ ዘፈኑ አልከፈት ሲለው ነው። ደህና ሱቅ ውስጥ ያሉ ልጆች አዲስ ካርድን እስከ አፉ በፊልም ሞልተው፣ የመጨረሻውን ፊልም ከፍተው ሳያዩ አይሸጡም። ይህ ጊዜ የሚበላ ሥራ ነው፤ ክብር ይገባዋል።

ፊደላችን ከዚያ ዘመን ማሽን ጋር ቢገናኝ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ያብሰለስለኛል። የቤት ኮምፒውተሮቹ በአብዛኛው 256 የፊደል ቦታ ነበራቸው፤ እያንዳንዱ ፊደል ስምንት በስምንት በሆነ የነጥብ ሰሌዳ ላይ ይሣላል። የእኛ 33 ፊደላት ሰባት ሰባት እየሆኑ 231 ይመጣሉ። ስለዚህ ቁጥራቸው ለጥቂት ይገባል፤ ዲቃላዎቹ እነ ቋ እና ኳ፣ ቁጥሮቹና የላቲን ፊደላት ግን በአብዛኛው ውጭ ይቀራሉ። ደግሞም ጬንና ፄን በስምንት ነጥብ ቁመት ለዓይን ለይቶ መጻፍ ከባድ ነው። ሰሌዳውን ወደ አሥራ ስድስት በአሥራ ስድስት ብናሳድገው ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል 32 ባይት፣ 231ዱ በድምሩ 7,392 ባይት ይሆናሉ። ያ በአንድ 16 ኪሎ ባይት ካርትሪጅ ውስጥ ገብቶ፣ ለመጻፊያ ፕሮግራሙ ከግማሽ በላይ ቦታ ይተርፋል ማለት ነው። ሰክቶ ማብራት፣ በአማርኛ መጻፍ።

ይህ ለዓረብኛ ሆኗል። የኩዌቱ አል ዓለሚያህ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሳኽር የሚባሉ የቤት ኮምፒውተሮችን ኤምኤስኤክስ በሚባለው የጃፓን ደረጃ አሠርቶ፣ ዓረብኛውን በማይጠፋ ቺፕ ላይ አድርጎ ሸጠ፤ የትምህርትና የጨዋታ ካርትሪጆችም ተከተሉ። በርካታ የዓረብ ልጆች ኮምፒውተርን መጀመሪያ ያዩት በራሳቸው ፊደል ነው። እኛ ጋ ግን አማርኛ ኮምፒውተር ውስጥ የገባው በቢሮ በር፣ በዲስኬትና በሲዲ ነበር፤ ያ መንገድ ደግሞ ዋጋ አስከፍሎናል።

ዋጋው እንዲህ ነበር። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም በትምህርት ቤት የምትሠራ ጸሐፊ ደብዳቤውን ወይም የፈተናውን ወረቀት በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ትጽፋለች። በዲስኬት፣ ኋላም በፍላሽ፣ ገልብጣ ለመልእክተኛ ትሰጣለች። መልእክተኛው በአውቶቡስ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ደርሶ ፍላሹን ይሰካል። ፋይሉ ይከፈታል፤ ነገር ግን በፊደል ፋንታ የላቲን ጥርቅም ነው የሚታየው። ፎንቱ እዚያ ማሽን ላይ የለም፤ ወይም ያለው የሌላ ድርጅት ነው። ዕቃው በሰላም ደርሷል፤ ቃሉ መንገድ ላይ ቀርቷል። እያንዳንዱ ድርጅት ለአንዱ ፊደል የየራሱን ቁጥር ስለሰጠ፣ ፋይሉ ከሄደበት ቦታ ሁሉ የራሱን ፎንት ይለምን ነበር። ይህ መከራ መቃለል የጀመረው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትንና ምልክቶችን ቋሚ ቁጥር ሲሰጣቸው ነው። እንዲያም ሆኖ አሮጌው አጻጻፍ ለብዙ ዓመታት ከየቢሮው አልወጣም። ዛሬም በየመሳቢያው ያሉ አሮጌ ሲዲዎችና ፍላሾች ላይ የተጻፈውን ማንበብ የሚችለው ያ ፎንት ያለው ሰው ብቻ ነው።

የተሰካ ነገርና በአየር የሚመጣ ነገር በአገራችን የትምህርት ሥራም ተፈትነዋል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርት ከአዲስ አበባ በሳተላይት ነበር የሚሠራጨው። ትምህርቱ በሰዓቱ ይመጣል፤ በሰዓቱ ያልፋል። መብራት ከጠፋ ወይም ዲሹ ከተዛነፈ ክፍሉ ውስጥ ያለው መምህር ያመለጠውን ማስመለሻ መንገድ አልነበረውም። ተማሪው ሲቸግረው «ቆይ» ሊለው የማይችል አስተማሪ ነበር። ያው ትምህርት በየትምህርት ቤቱ በሚቀመጥ ዲስክ ቢላክ ኖሮ፣ መብራቱ በመጣ ሰዓት ከቆመበት ይቀጥል ነበር።

ተቃራኒው ሙከራ የተደረገው በ2012 እ.ኤ.አ. በወንጪና በወለንጪቲ ነው። ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው የኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ድርጅት፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ሕፃናት ሞቶሮላ ዙም ታብሌቶችን ከነሶላር ቻርጀራቸው ሰጠ። መንደሮቹ ኢንተርኔት አልነበራቸውም። ልጆቹ ምን እንደከፈቱ፣ ምን ያህል እንደቆዩበት የሚመዘገበው በሚሞሪ ካርድ ላይ ሲሆን፣ አንድ ባለሙያ በሳምንት አንድ ጊዜ እየመጣ ካርዱን በሌላ ቀይሮ፣ የሞላውን ይዞ ይመለስ ነበር። መረጃው ከዚያ ወደ አሜሪካ ይላካል። ዓለም ስለዚያ ሙከራ ያወራው ልጆቹ የተዘጋውን ካሜራ መክፈት መቻላቸውን ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ያ በየሳምንቱ ካርድ ይዞ የሚመላለሰው ሰው ነው። በዘመኑ አዲስ የነበረ ቴክኖሎጂ ከኢትዮጵያ ገጠር ጋር የተገናኘው በእሱ እግርና በኪሱ ነው።

ለምሥራቅ ጎጃም ይህ በካርድ መመላለስ ሩቅ ወሬ አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መቋረጡም ለወራት ዘለቀ። በቴሌግራም ትምህርት ይከታተል የነበረ ተማሪ፣ በዩቲዩብ መዝሙር ይሰማ የነበረ ምእመን፣ በኔትወርክ ዕቃ ያዝዝ የነበረ ነጋዴ ሁሉ በአንድ ቀን ከያዘው ጋር ቀረ። በዚያ ጊዜ ያልተቋረጠው በእጅ የሚሄደው ነው። ያለፉ ዓመታት የብሔራዊ ፈተና ጥያቄዎች በፒዲኤፍ፣ የመማሪያ መጻሕፍት፣ ስብከት፣ ትረካ ከካርድ ወደ ካርድ እየተገለበጡ ሄዱ። ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ጽሑፎች ያሉትን የአማርኛ ዊኪፔድያን ራሱ ኪዊክስ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ጠቅልሎ በአንድ ካርድ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ኢንተርኔት በኖረባቸው ቀናት ይህን ማዘጋጀት ለአንድ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የጁቤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዓባይ ማዶ የሚመጣ ቡናና ወርቅ ከሰሜን ከሚመጣ አሞሌ ጋር የሚገናኝበት የታወቀው የባሶ ገበያ አገር ናት። ከእጅ ወደ እጅ ማሻገር ለዚህ አካባቢ አዲስ ጥበብ አይደለም።

ይሁንና ካርዱን ከድሮው ካርትሪጅ ጋር ሳስተያይ የጠፋብን ነገር ይታየኛል። በመጠን ንጽጽር የለም፤ ሳንዲስክ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው፣ ዛሬ ማይክሮ ኤስዲ የምንለው 15 በ11 ሚሊ ሜትር ካርድ፣ ባለ 32 ጊጋ ባይቱ ሲሆን፣ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ባለ 16 ኪሎ ባይት ካርትሪጆችን ይውጣል። ነገር ግን የፋብሪካው ካርትሪጅ የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት ነበር። ቫይረስ ሊገባበት አይችልም። ያንዱን ፍላሽ ነቅለን የሌላውን ስንሰካ ፎልደሮቹን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚለውጠው ቫይረስ በየኢንተርኔት ካፌውና በየጽሕፈት ቤቱ ስንቱን አስለቅሷል! ብዙው ሰው ፋይሉ የጠፋ መስሎት ፎርማት አድርጎ በገዛ እጁ አጠፋው፤ ፋይሉ ግን ተደብቆ እንጂ ጠፍቶ አልነበረም። ፍላሹን ከመደምሰስ በፊት የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ ማብራት ይቀድማል።

ሁለተኛው ልዩነት ዕድሜ ነው። በካርትሪጁ ቺፕ ላይ ያለው ፕሮግራም ሲሠራ በሽቦው አቀማመጥ የተቀረፀ ስለሆነ፣ ዛሬም ከአርባ ዓመት በኋላ ጠርዙ ሲጸዳ ይነበባል። የሚሞሪ ካርዱ ግን መረጃውን የሚይዘው በጥቃቅን ጉድጓዶች በታጠረ የኤሌክትሪክ ሙሌት ነው። ሙሌቱ በዓመታት ብዛት ይሰርጋል፤ ብዙ ጊዜ የተጻፈበትና የተደመሰሰ ካርድ ላይ፣ በሙቀትም ቦታ፣ ስርገቱ ይፈጥናል። መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት የኖረ ካርድ አንድ ቀን ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሦስተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ አልሸፋፍነውም። ካርትሪጅ ቤት ውስጥ ለመቅዳት አስቸጋሪ ስለነበር ሠሪው በአብዛኛው የድካሙን ያገኝ ነበር። በእኛ አገር ግን የሙዚቃ ቤቶች የካሴት ንግድ ሲሞት፣ በካርድ ላይ ከሚጫነው ዘፈን ዘፋኙና ገጣሚው የሚያገኙት ነገር የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በሱቁና በዘፋኙ መካከል ክፍያ የሚያልፍበት ቀላል መንገድ ግን እስካሁን አልተበጀም። ልጆቹን በማሳደድ የሚፈታ አይመስለኝም። ሱቆቹ የማሠራጫ መረብ ናቸው፤ ከዘፋኞቹ ጋር በሕጋዊ መንገድ ቢገናኙ አዲስ አልበም ቢቸና የሚደርሰው አዲስ አበባ በተለቀቀ ማግስት ነው።

ይህን ሁሉ አንስቼ ወደ ዲማ ልመለስ። ዲማ ጊዮርጊስ ብራናዎች ያሉበት፣ መጻሕፍት የሚተረጎሙበት ደብር ነው። ብራና የሚለምነው ብርሃንና ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት ካታሎጉን የደከሙበት የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ከዘጠኝ ሺህ በላይ መጻሕፍትን በፊልም ያስቀረው በዚሁ ዓይነት ጥበብ ነው፤ ፊልምን መብራትና አጉሊ መነጽር ያለው ሁሉ ያነበዋል። ዛሬ ግን የአብነት ተማሪው ሌላ ነገር እያደረገ ነው። የኔታ ዜማውን ሲያስጠኑ፣ ቅኔ ሲነግሩ፣ አንድምታ ሲያትቱ፣ ተማሪው ስልኩን ከፊታቸው አስቀምጦ ይቀዳል፤ ሌሊት ጎጆው ውስጥ እየደገመ ያጠናበታል። ያ ድምፅ በመጽሐፍ ያልተጻፈ ነው። አብዛኛውን ጊዜም ያለው በአንድ ካርድ፣ በአንድ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው፤ ስልኩ ከተሰረቀ ወይም ካርዱ ከተበላሸ አብሮ ይሄዳል።

እዚህ ላይ የድሮዎቹ ኮምፒውተሮች የሚያስተምሩት ሥራ ላይ ቢውል እወዳለሁ። ድምፁ በሁለት ካርድ ይገልበጥ፤ አንዱ ከተማሪው፣ አንዱ ከደብሩ ወይም ከታመነ ሰው ዘንድ ይቀመጥ። የሚቀመጠው ካርድ ከታወቀ ሱቅ የተገዛ፣ እስከ አፉ ተሞልቶ የተፈተነ፣ ለዘፈንና ለፊልም የማይውል ይሁን። በዓመት አንድ ጊዜ ተሰክቶ ይደመጥ፤ በየጥቂት ዓመቱ ወደ አዲስ ካርድ ይሻገር። ፋይሉ ኤምፒ3 ይሁን እንጂ አንድ ስልክ ብቻ በሚከፍተው ዓይነት አይቀመጥ። ስሙም «ቀረፃ 0047» ተብሎ አይቅር፤ የመምህሩ ስም፣ ደብሩና ዓመተ ምሕረቱ በፊደል ይጻፍበት። የፋይል ስም ደግሞ ሲገለባበጥ የሚለወጥበት ጊዜ ስላለ፣ ተማሪው መቅጃውን እንዳበራ፣ የኔታ ከመጀመራቸው በፊት፣ በራሱ ድምፅ «የምትሰሙት የእገሌ መምህር ዜማ ነው፤ ቦታው ዲማ ጊዮርጊስ፤ ቀኑ ይህ፣ ዓመቱ ይህ፤ ቀጂው እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ ይቅዳ።